ሊቀመንበር የሌለው የወላጆች ኅብረት

የትምህርት ቤት ስብሰባ የተካፈለ ወላጅ ሁሉ ያችን ደቂቃ ያውቃታል። «እንግዲህ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንምረጥ» ሲባል አዳራሹ ጸጥ ይላል። ግማሹ ሰው ስልኩን ያያል፣ ግማሹ ጫማውን ያያል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የፊተኛውን ትከሻ ነካ አድርጎ «እርስዎ ይሻላሉ» ይላል። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ይገኛሉ፤ ሁለቱ እምቢ ማለት ያቃታቸው ናቸው፣ ሦስተኛው ባለፈው ዓመትም የነበረው ሰው ነው። የቀረነው አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የእነሱ፣ ወቀሳው የእኛ ይሆናል።

እኔ ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ሥራ ስለምትውል የልጅ ልጄን ካዛንቺስ አካባቢ ወዳለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ። በሰፈራችን ዕድር 19 ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁና የሊቀመንበርን፣ የጸሐፊንና የገንዘብ ያዥን ነገር ከውስጥ አውቀዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን እነዚህ ሦስቱ ሳይኖሩት ሁለተኛ ዓመቱን ስለያዘ አንድ የወላጆች ስብስብ ነው። ብዙ አያቶችና ወላጆች «ይህ ነገር እንዴት ይሆናል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን፣ የሚሠራውንም የማይሠራውንም፣ በዝርዝር ላስቀምጥ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመመሪያ የሚቋቋም የወላጆች አካል አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር ውስጥ እንዲገባ በር ከፈተ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ደግሞ አደረጃጀቱን ወሰነ። ቀድሞ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወመህ ይባል የነበረው፣ በኋላ ተማሪዎች ሲጨመሩበት ወተመህ ሆነ። ይህ አካል ይመረጣል፣ ይፈርማል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ መኖርም አለበት። እኔ የምለው ከእሱ በታች ስላለው፣ የአንድ ክፍል ልጆች ወላጆች ለዕለት ተዕለቱ ጉዳይ ስለሚያቋቁሙት ስብስብ ነው። ልጅ ታመመ፣ ልጅ ቀረ፣ መንገድ ላይ ማን ያሻግራቸው፣ ቅዳሜ የት ይዋሉ የሚለው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የእኛም ስብስብ እንደ ሌላው ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነበረው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ብዙ ነዋሪ በአጭር ጊዜ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወረ። ሊቀመንበራችን ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄዱ። ጸሐፊዋ ልጇን አዲሱ ቤቷ አጠገብ አስገባች። ገንዘብ ያዡ ብቻቸውን ቀሩና «እኔም በቃኝ» አሉ። እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ነው የኅብረቱ ሥራ ሁሉ በሦስት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ እንደነበረ ያወቅነው። የወላጆች ስልክ ቁጥር በሊቀመንበሩ ስልክ ውስጥ ነበር። የቱ ልጅ አስም እንዳለበት የምታውቀው ጸሐፊዋ ነበረች። ሦስቱ ሲሄዱ ኅብረቱም አብሮ ሄደ።

በኅዳር ወር የቀረነው ሠላሳ ቤተሰቦች ተሰበሰብን። የተሰበሰብነው መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለሁሉም መሐል እሱ ነበር። ከካዛንቺስ በእግር ይመጣል። በቃሊቲ በኩል ያለው በቀላል ባቡር ስታዲየም ይወርዳል፣ ከአያት አቅጣጫ የሚመጣውም እዚያው ይወርዳል። ኪራይ የለበትም፣ ልጆችም ይሮጡበታል። እኔ ይህን ቦታ አብዮት አደባባይ በሚባልበት ዘመን አውቀዋለሁ፤ ያኔ የምንመጣው ተሰልፈን፣ የሚባለውን ሰምተን ለመመለስ ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ስፖርተኞች ደረጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጡ፣ እኛ እንደየምቾታችን ከታችና ከላይ ተቀመጥን። የክብር ወንበር ስላልነበረ ማን ፊት እንደሚቀመጥ የሚያከራክር ነገርም አልነበረም።

«እንምረጥ» ሲባል የተለመደው ጸጥታ መጣ። ዝምታውን የሰበሩት አንዲት አያት ናቸው። «እኛ የማርያም ማኅበር አለን፤ ስንት ዓመታችን ነው። ጽዋው የደረሰው ሰው ያን ወር ይደግሳል፣ ይጠራል፣ ያስተናግዳል። ሲጨርስ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። እዚህስ ለምን ተራ አንገባም?» አሉ። ጎጃም ያደገ አንድ አባት ቀበል አድርጎ ስለ ወንፈል አነሳ፦ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ሌላው ስለ ደቦ ጨመረ። ደቦ የጠራ ሰው ያን ቀን አዛዥ ነው፤ የት እንደሚጀመር እሱ ይናገራል፣ ምሳውንም እሱ ያበላል። በማግስቱ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ሲሄድ ግን ታዛዥ ነው። አዛዥነቱ ከሥራው ጋር መጥቶ ከሥራው ጋር ያልቃል።

ዕድርና ዕቁብ ባለ ሹም ናቸው፤ ዳኛ አላቸው፣ ጸሐፊ አላቸው። ጽዋ፣ ወንፈልና ደቦ ግን አብዛኛውን ሥራ በተራ ነው የሚያስኬዱት። ሁለቱንም ዓይነት አያቶቻችን አውቀውታል። ወላጆች ትምህርት ቤት ላይ ሲሰበሰቡ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

እንዲህ አደረግን። ሥራውን ሦስት አደረግነው፦ መልእክት፣ መንገድና ንባብ። የመልእክት ተረኛ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገራል፣ ለወላጆችም ያሳውቃል። የመንገድ ተረኛ ልጆች በሰላም መግባታቸውንና መመለሳቸውን ይከታተላል። የንባብ ተረኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ ተረኛ ለአንድ ወር ነው። የትምህርት ዓመቱ አሥር ወር፣ ሥራው ሦስት፣ ቤተሰቡ ሠላሳ ስለሆነ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ተራ ይደርሰዋል። ተራ መለዋወጥ ይቻላል፤ መዝለል ግን አይቻልም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ መስቀል አደባባይ እንገናኛለን፣ አሮጌው ተረኛ ደብተሩን ለአዲሱ ያስረክባል።

ደብተሩ ተራ የሰማንያ ገጽ ደብተር ነው። የወላጆች ስልክ፣ የልጆች የጤና ጉዳይ፣ ያለቀ ሥራና ያላለቀ ሥራ ይጻፍበታል። ጽዋው እሱ ነው። ቀድሞ በሦስት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነገር አሁን አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የገረመኝ ታኅሣሥ ላይ የሆነው ነው። የመንገድ ተራ የደረሳት ከባቡር መውረጃው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። ጽሑፍ ስለማይቀናት ታላቅ ልጇ ደብተሩ ላይ ትጽፍላት ነበር። እሷ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ስለምትቆም ከመካከላችን ማንም የማያውቀውን ታውቅ ነበር። ወደ ሩቅ ሰፈር ከተዛወሩት ቤተሰቦች አራቱ ልጆቻቸው ዓመቱን በነበሩበት እንዲጨርሱ ፈልገው ነበር። እነዚያ የሦስተኛ ክፍል ሕፃናት በጠዋቱ ግፊያ መሐል ብቻቸውን ይመጣሉ። ወላጆቻቸው እያንዳንዳቸው የሌላኛው ልጅ ወላጅ አብሮ ያለ ይመስላቸው ነበር።

ያቺ እናት ሁለት አባቶችን አገኘች፤ በዚያው መስመር ወደ ሥራ የሚመጡ ናቸው። ጠዋት እነሱ ልጆቹን ይዘው እንዲገቡ ተስማማች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹ እሷ ዘንድ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን እየሠሩ የሚወስዳቸው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ከአራቱ ልጆች ሦስቱ በቀጣዩ ዓመት ቤታቸው አጠገብ ገቡ፤ አንዷ እስከ ዛሬ አብራን ናት። ሊቀመንበር ቢኖር ይህን አያደርግም ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እሷን ሊቀመንበር አድርጎ የሚመርጣት ሰው አልነበረም። የተሻለ ሥራ ያለው፣ መኪና ያለው፣ አፍ የቀናው ይመረጥ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በጠዋቱ 12 ሰዓት ባቡር መውረጃው ላይ አይገኙም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ልምጣ፤ ሹም አያስፈልግም ብሎ መናገር ቀላል ነውና። ጆ ፍሪማን የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በሴቶች መብት እንቅስቃሴ ውስጥ ስለነበሩ መሪ አልባ ቡድኖች የጻፈችው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «እኛ መሪ የለንም» የሚል ቡድን ውስጥ መሪ አይጠፋም፤ ይደበቃል። እርስ በርስ የሚቀራረቡ ጥቂት ሰዎች ነገሩን ሁሉ ይወስናሉ፣ ማንም ስላልመረጣቸው ደግሞ ማንም አያወርዳቸውም። እኛም ዘንድ በመጀመሪያው ወር ይኸው ታየ። ቴሌግራም ላይ ጣታቸው ፈጣን የሆነ ሦስት ወላጆች ማታ አራት ሰዓት ላይ ተነጋግረው ነገር ሲጨርሱ፣ ሌላው ጠዋት ተነስቶ ያለቀ ነገር ያነብ ነበር። ስማርት ስልክ የሌላቸው አያቶች ደግሞ ጭራሽ አልሰሙም።

ስለዚህ ሕግ ወጣ። ማንኛውም ሐሳብ ሦስት ቀን ይቆያል። በቴሌግራም የወጣ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ የግቢው በር ላይ ይለጠፋል፤ ስማርት ስልክ ለሌለው ተረኛው ይደውላል። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው «አልስማማም» ካለ ነገሩ እስከ ቅዳሜው ስብሰባ ይያዛል። በድምፅ ብልጫ አንወስንም፤ ያልተስማማው ሰው ምክንያቱን ያስረዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሐሳቡ ተስተካክሎ ያልፋል። አንድ ሰው ደግሞ ያንኑ ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ አይይዝም፣ ጎበዝም ቢሆን። በተለይ ጎበዝ ከሆነ። በዕድር ሕይወቴ ያየሁት ነው፤ ጎበዝ ሰው ወንበር ላይ ሲቆይ ሌላው ሥራውን ይረሳል።

ሁለተኛው ችግር በየካቲት መጣ። የንባብ ተረኛው ሳይመጣ ቀረ። ዘጠኝ ልጆች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰብስበው ቆሙ። ሊቀመንበር ቢኖር ይደወልለት ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም ሌላው ደውሏል ብሎ አሰበ። የጋራ ሥራ ትልቁ በሽታው ይህ ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር በቀላሉ የማንም ይሆናል። ጥበቃው ልጆቹን አስገብተው አስቀመጧቸው እንጂ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ተረኛ ብቻውን አይቆምም። መጪው ተረኛ ከአንድ ወር በፊት በረዳትነት ይገባል፣ በቀጣዩ ወር ዋናው ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ የሚያውቅ፣ አንዱ የሚማር። ሁለቱ ዓርብ ማታ ይደዋወላሉ። ያልተደወለለት ሰው እሱ ራሱ ይደውላል።

ሦስተኛው የርዕሰ መምህሯ ጥያቄ ነበር። «እኔ ለማን ልደውል? በየወሩ አዲስ ሰው ላጥና?» አሉ። ልክ ነበሩ። መፍትሔው ከአንድ ባለሱቅ አባት መጣ። የማያገለግል ትንሽ ስልክ ከቤቱ አመጣ፣ አንዲት እናት በስሟ ሲም ካርድ አወጣች፤ ስልኩ ከደብተሩ ጋር ይዞራል። ለትምህርት ቤቱ ቁጥሩ አንድ ነው፣ የሚያነሳው ሰው ብቻ ይለያያል። ርዕሰ መምህሯ አሁን ስልኩን ሲደውሉ «ተረኛ ማን ነው ዛሬ?» ይላሉ።

ስለ ገንዘብ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ የዕድር ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል። ባንክ በስብስብ ስም ሒሳብ ለመክፈት ሕጋዊ ወረቀትና ፈራሚዎች ይጠይቃል፣ ትክክልም ነው። እኛ ያ ስለሌለን ገንዘብ ላለማስቀመጥ ወሰንን። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ከወላጅ በብዛት የሚፈለገው ጊዜ ነው። አንድ ነገር ሲያስፈልግ ዝርዝሩ ይወጣል፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ያመጣል። ዕቃው ትልቅ ከሆነ ሁሉም ድርሻውን በቴሌብር በቀጥታ ለሻጩ ይልካል። ደረሰኙ ደብተሩ ላይ ይጣበቃል። ማንም እጅ ላይ የጋራ ገንዘብ አያድርም። የተቀመጠ ገንዘብ ከመጠበቅ፣ የሚጠበቅ ገንዘብ አለማስቀመጥ ይቀላል። ያልቻለ ሰው ስሙ አይጠራም፤ ማን ምን እንዳመጣ እንጂ ማን እንዳላመጣ ደብተሩ ላይ አይጻፍም።

ይህ አሠራር የማይችለውንም ልናገር። ዕድር ያለ ሹም አይሆንም። ሞት ቀጠሮ የለውም፣ ገንዘቡም ብዙ ነው፤ በሌሊት በሩ የሚንኳኳ፣ ፈርሞ የሚያወጣ ሰው ሊኖር ግድ ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍል ሊያስገነባ ወይም በጀት ሊያጸድቅ ከሆነ ያ የወተመህ ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ ልጅ ላይ ጥቃት ደረሰ የሚል ነገር ከተሰማ በተራና በቴሌግራም የሚያዝ አይደለም። በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ሕግ ይሄዳል፣ የልጁም ስም በማንም አፍ አይዞርም። የተራ አሠራር ጥሩ የሚሆነው ሥራው ትንሽ፣ የሚደጋገምና ማንም ቤተሰብ ሊሠራው የሚችል ሲሆን ነው። የወላጅነት ሥራ አብዛኛው ደግሞ እንደዚያ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይህ አይከብድም?» ይል ይሆናል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ያሉት ለዚህ ነው። ቀድሞ ሦስት ሰዎች ሎሚውን ሁሉ ተሸክመው ይደክሙ ነበር፤ የቀረነው ባዶ እጃችንን ሆነን ለምን ጣላችሁት እንል ነበር። አሁን ሌሊት ጥበቃ የሚያድር አባትም፣ ቢሮ የምትውል እናትም፣ እንደ እኔ ያለ ጉልበቱ የደከመ አያትም የሚችለውን ወር መርጦ ይይዛል። ወቀሳም ቀንሷል፤ ሁሉም ተራው እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ የተረኛውን ጥፋት ለማጋነን አይቸኩልም።

ልጆቹ ያዩትንም አልረሳም። የልጅ ልጄ በእኔ ወር ደብተሩን ቤት ሳመጣው ገጹን እየገለጠች የሌሎች ልጆችን እናቶችና አባቶች ጽሕፈት ታነብ ነበር። የአንዳንዱ ጽሕፈት ያማረ ነው፣ የአንዳንዱ በልጅ እጅ የተጻፈ ነው። ሁሉም ግን እኩል አንድ አንድ ገጽ አላቸው።

ለመጪው መስከረም እናንተም ለመሞከር ብታስቡ በአንድ ሥራ ብቻ ጀምሩ። ልጆቻችሁ በጣም የሚያስፈልጋቸውን አንዱን ምረጡ፣ ጠዋት መንገድ ማሻገር ቢሆን እንኳን። ተራውን በዕጣ አውጡ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ ደብተር ግዙ። ገንዘብ አትሰብስቡ። የመጀመሪያው ዕጣ ዝምተኛ ለሆነ ሰው ቢወጣ ደግሞ «ሌላ ይሻላል» ብላችሁ አታውርዱት፤ ዝም ብሎ ስንት ነገር ሲያይ እንደከረመ አታውቁም።